ማሽኑ ሲጠፋ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለው? የእማዬ ጉልበት ደረጃውን እሺ ይላታል? ልጆቹ እርስ በርስ መናከሱን ተዉ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እስከዚህ ድረስ ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት። ከዚህ በታች ያለው ግን ላንተ ብቻ ነው፤ ሰላምታው ጋ ስትደርስ እንደገና ድምፅህን ከፍ አድርግ።

ያ ቫይረስ እንደያዘኝ ሰምተሃል። ሳሉ ሲተወኝ የዳንኩ መስሎኝ ሥራ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብረት እየበየድኩ ያለ ምክንያት እንባዬ ይወርዳል፤ ደግነቱ የብየዳ መነጽሩ ይሸፍንልኛል። ይባስ ብሎ ከባለቤቴ ጋር እንደ ባልና ሚስት መሆን አቃተኝ። እሷ ብርድ ልብሱን አልብሳኝ ትዞራለች፤ ደግነቷ ግን ከስድብ በላይ አንገቴን አስደፋኝ።

እኛ ብረታ ብረት ቤት ምስጢር የሚወራው መቁረጫ ማሽኑ ሲጮህ ነው። የሰውየው ጆሮ ላይ ተጠግተህ ትጮሃለህ፣ ከእሱ በቀር ማንም አይሰማህም። እኔም ወዳጄ ለምለው በያጅ የደረሰብኝን ጮህኩለት። ሰውን በነገር ስለሚሞርድ ሞረድ ነው የምንለው፤ እያወቅኩ ነው የታለልኩት። ልክ "ከሚስቴ ጋር መተኛት አቃተኝ" ስል ያ ከሃዲ ማሽኑን አጠፋው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "ቀዝቃዛው ብረት" ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሕመሙ ደም ሥርንም መንፈስንም ሊነካ እንደሚችል፣ ጭንቀቱ ደግሞ እንደሚያባብሰው፣ ሁለቱም እንደሚታከሙ ነገረችኝ። ባለቤቴን ይዤ እንድመለስ አዘዘችኝ፤ አብረን መመላለስ ከጀመርን ወዲህ ቀስ በቀስ እየተሻለኝ ነው፤ ሐኪሟ ጋ ለመሄድ ፈቃድ ስጠይቅም ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ቂሜን ግን ለሐኪሟ አልነገርኳትም፤ ከእሱም እንዳታድነኝ ፈራሁ።

በቅርቡ ሞረድ ራሱ በዚያው በሽታ ተኝቶ ተነሳ። ከስቷል፣ ነገር መሞረዱንም ትቷል። ማሽኑ እየጮኸ ሳለ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈ። አፉን ሳይከፍት ገባኝና እጄን ማጥፊያው ላይ አሳረፍኩ። አልዋሽህም ጋሼ፣ በዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት የጣመኝ ነገር የለም። "እኔም እንዳንተ ሆኛለሁ፣ ሚስቴን ሽሽት ሶፋ ላይ ነው የማድረው" ሲል ማሽኑን ድርግም አደረግኩት።

ሳቁን ጠበቅኩ። የሳቀ የለም። ያኔ ከሁሉም በላይ የሳቀብኝ ቀለም ቀቢ ብሩሹን አስቀመጠና "ሐኪሟ የት ነው የምትገኘው?" አለኝ። ቀና ስል አለቃችንም ሥራውን ትቶ መልሴን ይጠብቃል። ስንት ወር ያበሰልኩት ብቀላ በአንድ ጥያቄ ከእጄ ወጣ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

እማዬ ብትሰማ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ይቅር አላልኩትም። አድራሻውን የነገርኩት ለቀቢው ነው፤ ሞረድን ዞር ብዬም አላየሁት። ማሽኑን ግን ነግሬ እስክጨርስ አላበራሁትም።

አሁን ጮክ በል። እማዬ ሆይ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። ለባለቤትህ፣ ለአክስቴ፣ ለሁለቱ ተናካሾችም ናፍቆቴ ይድረሳቸው። ባለቤቴም ሰላም ብላችኋለች፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች።

ታናሽ ወንድምህ
ከብረታ ብረት ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
እሁድ፣ መጋቢት ፱