ስለ ሃያ ሦስተኛዋ ብርቱካን

ለተከበሩ ዶን ፍሮይላን ቾኬ፣
የቺልካፓምፓ ወረዳ የፈተና ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ የቀይ እስክሪብቶዎም ቀለም እንዳይደርቅ እመኛለሁ። እኔ በቅዳሜ ገበያ ብርቱካን የምሸጠው ባሲሊያ ኮንዶሪ፣ በስድስተኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና ከመቶ ሃምሳ ያመጣችው የሉስሚላ እናት ነኝ። ማለፊያው ሃምሳ አንድ ስለሆነ ልጄ በአንድ ነጥብ ክፍል እንድትደግም መወሰንዎን ሰምቼ፣ ለትጋትዎ ሳላመሰግን መቅረቱ ነውር መሰለኝ።

፩. ሰባተኛው ጥያቄ፣ አንዲት ሴት ከገበያ ሃያ አምስት ብርቱካን ገዝታ መንገድ ላይ ሦስቱን ብትበላ ስንት ይዛ ቤቷ ትገባለች ይላል። ልጄ «ሃያ ሦስት፤ አንዷ ምራቂ ናት» ብላ ጻፈች። እርስዎ «ሃያ ሁለት» ብለው ነጥቧን ወሰዱ። ለመሆኑ በዚህ አገር ሃያ አምስት ብርቱካን ገዝቶ ያለ ምራቂ የሚሄድ ማን ነው? እኔ ሳልመርቅ ልሽጥ ብል ገዢዎቼ «ደንበኛዬ፣ ምን ነካሽ፣ ዛሬ እጅሽ ታሰረ እንዴ?» እያሉ መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር። ልጄ መቀነስ አላቃታትም፤ ሻጭ ሁሉ ንፉግ ነው ብላ መጻፍ አልሆነላትም እንጂ።

፪. አቤት ልል ብመጣ ጸሐፊዎ «ዶኛ ባሲሊያ፣ ሂሳብ ይሉኝታ አያውቅም!» ብሎ ሸኘኝ። ስወጣ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነበብኩ። የልጄ ክፍል አማካይ ውጤት ሃምሳ ነጥብ አምስት ሆኖ ሳለ፣ ወደ ሃምሳ አንድ ተጠጋግቶ «ክፍሉ በአማካይ አልፏል» ተብሎ ቢሮዎ ተመስግኗል። እሰይ! ለካ ምራቂ ለቢሮ ሲሆን ይፈቀዳል።

፫. ይህኛው ግን ቀልድ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ለሰው ልጨምር ስል እጄን ትይዘኛለች። «እማ፣ ተይ፣ ስህተት ነው» ትለኛለች። አንጀቴን የቆረጠው ይኼ ነው።

አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ፣ በልክ የማከብርዎ፣
ባሲሊያ ኮንዶሪ
ከብርቱካን ተራ

ማስታወሻ፦ ፈተናው ከመታረሙ በፊት በነበረው ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ከእኔ ሃያ አምስት ብርቱካን ገዝተው፣ «ደንበኛዬ፣ እስቲ ጨመር አድርጊበት» እያሉ ቆመው፣ ሃያ ሰባት ይዘው ሄደዋል። በመልስ ወረቀትዎ መሠረት ሁለቱ ስህተት ናቸው። መመለሱ ከከበደዎት በአንደኛዋ ፈንታ ለሉስሚላ አንድ ነጥብ ይስጡልኝ፤ ሁለተኛዋ ምራቂ ትሁንልዎ።