ማሳ የሌለው ሞተር

ኅዳር 6

የቄስ ወልደ ሩፋኤልን ካባ ዘርፉን ሰፍቼ ጨረስኩ። ጥሩ ወጥቷል። ከሰዓት በኋላ ሞተሬን ላስነሣ ብል... የለም። ቁልፉን ሳዞረው ቀዩዋ መብራት ጭል ጭል ብላ ጠፋች። ረገጥኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ቀኝ እግሬ ከግራው ሊወፍር ነው።

እንደ ልማዴ ቁልቁለቱን ገፍቼ ዘልዬ ወጣሁባት። ተነሣች። ላሊበላ ቁልቁለት ስላላት እግዚአብሔር ይመስገን። ሜዳ አገር ብኖር ምን ይውጠኝ ነበር?

የአክስቴ ልጅ ባንቺዓለም በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ፣ "አያ አረጋ፣ ሞተር ገዝተህ ነው ወይስ ጋሪ? ሁሌ ስትገፋ ነው የማይህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሃምሳን ያለፈ ልብስ ሰፊ፣ በዕድሜ ከራሱ ብዙም የማታንስ ሞተር በጨረታ ሲገዛ ማን መከረው? ማንም። ባለፈው ወር አረንጓዴ ቀለም ቀብቻት አምሮባት ነበር። አመሏ ግን ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰ።

ኅዳር 9

ካባውን ይዤ ቄሱ ወደሚኖሩበት ሙጃ ሄድኩ። ቄሱ ለበሱት፤ ግቢውን ሁለቴ ዞሩበት። ደስ ብሏቸዋል። እኅታቸው ይማርሽ የተቆላ ባቄላ አቀረበችልኝ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል አሉ። የእኔም ሚስት ካረፈች ቆይታለች... ምን አገናኘው? ለምን ጻፍኩት?

ልሄድ ስነሣ ሞተሯ እምቢ አለች። ቤታቸው ያለው ደግሞ እንደ ጠረጴዛ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው። ጠጠር ብታስቀምጥ አይንከባለልም። ቄሱ አዲሱን ካባ ሳያወልቁ "በስመ አብ!" ብለው ይገፉ ጀመር። ይማርሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ከጎናቸው። ሰው እንዲርቅ ጥሩንባውን ብነካው እንደታመመች ዶሮ "ቂው" አለ። ይማርሽ ሳቀች። ሳቋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማኝ።

ሞተሩ እኮ ገና አልተነሣም ነበር።

ኅዳር 10

የካባው አንገት ያንቃቸው ይሆን? "ልክክ ብሏል" ብለዋል። ግን ሰው ይሉኝታ አለው። ሄጄ ላየው ይገባል።

ኅዳር 13

ባትሪውን ከፍቼ አየሁት። ደርቋል! ጠብታ የለውም። ታቅፌው ወደ ሱቅ ስሄድ ባንቺዓለም ደረሰችብኝ።

"ምን ሆነ?"

"ውሃው አልቋል።"

"ጠበል ብትጨምርበትስ?"

"ባትሪ ነው እንጂ በሽተኛ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ታቅፈኸው ትሄዳለህ?"

የባትሪ ውሃ ሞላሁበት። ወፍጮ ቤት ወስጄ ቻርጅ አስደረግኩት። አሁን ጥሩንባው እንደ አይሱዙ ይጮኻል። የባንቺዓለም በግ ገመዷን በጥሳ ሄዳለች። ፍለጋ ላይ ናቸው።

ኅዳር 16

ሙጃ በረርኩ። ቄሱን "የአንገቱን ነገር ላይ ብዬ ነው የመጣሁት" አልኳቸው። "የማንን አንገት?" አሉኝ።

ልመለስ ስል ሞተሯ... ሞታለች። ቄሱ ለአገልግሎት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ የሚገፋ ሰው የለም። ይማርሽና እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ነጭ ሽንኩርቷን አሳየችኝ፤ መደብ በመደብ ተክላዋለች። ስለ ውርጩ አወራን። ስለ ክር አወራን። ስለ ክር የሚጠይቀኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም።

"አያ አረጋ፣ ይቺ ሞተርዎ እዚህ ስትደርስ ብቻ ነው የምትሞት?"

"ባትሪው ነው።"

"ባትሪ ቤት መርጦ ይሞታል?"

ጎንበስ ብዬ ባትሪውን መነካካት ጀመርኩ። መንገድ ላይ ግን ሳስበው ገባኝ። ባትሪው ሞልቶ ይነሣል፤ እየሄድኩ ያልቃል። ዲናሞው መልሶ ሊሞላው ሲገባ አይሞላውም። ለዚህ ነው ሞተሯ ከተነሣች በኋላም ቀዩዋ መብራት የማትጠፋው። ለምን አይሞላውም? እሱን እንጃ።

ታኅሣሥ 1

የዲናሞው ካርቦን አልቆ ይሆናል ብዬ አዲሱን ከወልዲያ በሚኒባስ ሹፌር በኩል አስመጣሁ። ዲናሞውን ስፈታ ካርቦኑን የምትገፋው ስፕሪንግ ፈትለክ ብላ ባንቺዓለም ያሰጣችው በርበሬ ውስጥ ገባች። በርበሬ ስበረብር ዋልኩ። ረስቼ ዓይኔን አሸሁት። ወይኔ!... ባንቺዓለም ለሰፈሩ ሁሉ "ለሞተር ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ" ብላ አወራች።

ስፕሪንጓ ተገኘች። ካርቦኑ ተቀየረ። ቀዩዋ መብራት? ቦግ እንዳለች ናት።

ታኅሣሥ 8

ስንት ነገር በአንድ ቀን!

የወልዲያው መካኒክ መሐመድኑር የወፍጮ ሞተር ሊጠግን ሙጃ መጥቷል ብለውኝ ሄድኩ። (ሞተሯ በርግጥ ይማርሽ ደጅ ነው የሞተችው። እኔ አይደለሁም የመረጥኩት።) መሐመድኑር ወፍጮ ሲጠግን ኖሮ ጆሮው ትንሽ ከበድ ስላለ የሚናገረው እየጮኸ ነው። አምፖል የታሠረባቸውን ሁለት ሽቦዎች አውጥቶ እዚህም እዚያም ነካካ።

"አብሽር፣ ዲናሞው ጤነኛ ነው ወላሂ!"

ከዚያ ሬጉሌተሩን፣ ማለት ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ትንሽ ሳጥን ነካካ። ብድግ አለና አገር እስኪሰማ፣

"አያ አረጋ! ችግሩ ታወቀ! ማሳ የለውም!"

ቄሱ ከቤት ወጡ። "ማነው ማሳ የሌለው?"

"ይኸው ይሄ!" ብሎ ጠቆመ ወደ ሳጥኑ። ከሳጥኑ ኋላ የቆምኩት ደግሞ እኔ።

ቄሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። አዘኑልኝ። "ምነው? በመሬት ድልድሉም አልደረሰዎት?"

"እኔ እንኳ አባቴ... የከተማ ሰው ነኝ..."

መሐመድኑር አልሰማንም። "ማሳ ከሌለው ሲለፋ ይውላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም!"

ይሄኔ ይማርሽ ከሽንኩርቷ መሐል ቀና አለች። እጇ ጭቃ ነው። "ማሳ ባይኖረውስ? መርፌ አለው! እጅ ያለው ሰው ጾሙን ያድራል እንዴ?"

ሁላችንም ወደሷ ዞርን። መሐመድኑር ብቻ፣ "መርፌ ምን ያደርግለታል? ቀለሙን ፍቆ ሽቦውን ማሰር ነው እንጂ" አለ።

ለካ በመካኒክ ቋንቋ ማሳ ማለት እርሻ አይደለም። ከሳጥኑ ወጥቶ የሞተሯን ባዶ ብረት የሚነካው ሽቦ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለሰው በሱ ነው። የእኔ ሳጥን ደግሞ የተቀመጠው በዚያ በሚያምረው አረንጓዴ ቀለሜ ላይ። መሐመድኑር ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፋቀው፤ አሰረው። ተገፍታ ተነሣች። ነዳጅ ስሰጣት ቀዩዋ መብራት... ጠፋች! ጥፍት!

"ቀለሙ ቆንጆ ነው አያ አረጋ፤ ግን መብራት አያሳልፍም" አለኝ።

ቄሱ ሲስቁ ጥምጥማቸው ወለቀ። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የማስበው። "እጅ ያለው ሰው" አለች። እኔን ነው አይደል?

ታኅሣሥ 12

ሙጃ ሄድኩ። ምክንያት? የሽንኩርት ዘር ልጠይቅ። ልመለስ ስል ሞተሯ በአንድ ርግጫ ቀጥ ብላ ተነሣች። ይማርሽ "ተነሣችልዎ። እንግዲህ ደኅና ይግቡ" አለችና ገባች።

እንዲህ ያለ ጤነኛ ሞተር ምን ያደርጋል?

ታኅሣሥ 20

ጉድ ሆንኩ።

ከሙጃ በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ቆምኩና የማሳውን ሽቦ ፈታሁ። ባትሪው ቶሎ እንዲያልቅ ትልቁን መብራት በጠራራ ፀሐይ አብርቼ ነዳሁ። ይማርሽ ደጅ ስደርስ እንደ ድሮው ሙት! ደስ አለኝ። "ወይ ጣጣ! አሁንስ ምን ነካት?" አልኩ፣ ራሴን እያከክሁ።

ይማርሽ ምንም አላለች። ጎንበስ ብላ አየች። የተፈታው ሽቦ እንደ በግ ጭራ ተንጠልጥሏል። ብሎኑ ደግሞ... ኪሴ ውስጥ። እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ምን ላድርግ?

"አያ አረጋ፣ ሽማግሌ መላክ አቅቶዎት ነው ሽቦ የሚነቅሉ?"

ላብ በላብ ሆንኩ። በታኅሣሥ! በሙጃ ብርድ! መሐመድኑር ሲያስር አይታ ኖሯል፣ ራሷ አሰረችው። ገፋችኝም። ጠንካራ ናት። ሳላመሰግናት፣ ጋቢዬን አጥሯ ላይ ጥዬ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 21

ሽማግሌ መላክ አለች። አትምጣ አላለችም። አላለችም አይደል?

ጥር 3

ሽማግሌዎቼ ሄደው መጡ። የባንቺዓለም ባል ደግሰው፣ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ምስጋኑና መሐመድኑር። ካልሄድኩ ብሎ እኮ ነው! ደግሰው እንደነገረኝ፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ኮስተር ብለው "ለመሆኑ ልጁ ማሳ አለው?" ብለው ጠየቁ። (ልጁ እኔ ነኝ።) መሐመድኑር ከመቀመጫው ተነሥቶ "አለው! በእጄ ነው ያሠርኩለት!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማንም ቁምነገር ማውራት አልቻለም ይላል ደግሰው። እሺ ተባለ።

እሺ ተባለ!

ጥር 24

ሠርጉ አለፈ። ትንሽ ነበር፤ ጥሩ ነበር። ስፌት መኪናዬ ሙጃ ገባች። እዚህ ሜዳ ላይ መኖር... ይለመዳል።

የካቲት 2

ዛሬ ይማርሽ ነዳች። "ሽቦውን ካሰርኩ መንዳት ያቅተኛል?" ብላ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ነዳጁን በአንዴ ለቀቀችው! ቄሱ ካባቸውን ሰብስበው ወደ አጥሩ ሮጡ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የመቀመጫውን ጠርዝ ሙጥኝ ብያለሁ።

"አጥብቀህ ያዘኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!" ብላ ጮኸች።

ነጭ ሽንኩርቷ መሐል ገብተን ቆምን። ሁለት መደብ ጠፋ። እሷ ትስቃለች፤ ቄሱ ከሩቅ ያማትባሉ። እኔ ጭቃዬን እንኳ አላራገፍኩም። አንተ አለችኝ። ከሠርጉ ወዲህ እንኳ "እርስዎ" ነበር የምትለኝ...

"ደግመሽ ንጂያት" አልኳት።