አባባ በጠመንጃው ላይ የሰጡት ፍርድ

ውድ ወንድሜ ድዌይን፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ይዞሃል? መረብ ስትጎትት የተጎዳው ትከሻህስ አሁን እጅህን ወደ ላይ ያስነሳሃል ወይስ ዛሬም ሸሚዝህን የምታለብስህ ሚስትህ ኮራ ናት? ኮራስ እንዴት ናት? ልጅህ ሊን ትምህርቷን በርትታ ይዛለች? የደሴታችሁ የኮዲያክ ነፋስ ገና በሴፕቴምበር ይጀምራል ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና ሬድዮው ስለ ማዕበል ባወራ ቁጥር የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይለግምብኛል እንጂ ሌላው ሁሉ ይሠራል። አባባም በልተው ያድራሉ፣ ተኝተው ይነሳሉ። ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። የዘገየሁት ረስቼህ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በስልክ እንዳልነግርህ አንተ ባሕር ላይ ነህ፤ ወደብ ስትገባም "ምን አልሽ? አልሰማሁሽም" እየተባባልን የምንጨርሰው ነገር አይደለም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

በኦገስት መጨረሻ የጎረቤታችን የቬርና ቤት በሌባ ተሰበረ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን መሆኗን ታውቃለህ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የጓሮው በር ተገንጥሎ፣ የሟቹ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ከነብልቃጡ ተወስዶ፣ የመሳቢያዎቿ ዕቃ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘርግፎ አገኘችው። ሸሪፉ ቢሮ ደወለች። ሰው የደረሰላት ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው። የመጣውም ፖሊስ ጨዋ ሰው ነውና አልዋሻትም፤ "እትዬ፣ ለዚህ ሁሉ ወረዳ ያለን ሁለት መኪና ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኛ እስክንደርስ ራስዎን የሚጠብቁት ራስዎ ነዎት" አላት።

ይህች ቃል ቶርስቢን ቤት ለቤት ዞረች። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ጠመንጃ ሆነ። ድሮ በየቤቱ የአደን መሣሪያ እንደነበር አንተም ታውቃለህ፤ አሁን ግን ግማሹ ከልጆቹ ጋር ከተማ ገብቷል፣ ግማሹ ምድር ቤት ዝጓል። የቀሩት መበለቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ርካሽ የሆነ፣ ግን በጭንቅ ሰዓት የማይከዳ፣ እጀታው እየተሳበ የሚያጎርስ ባለ ፓምፕ ጠመንጃ። ይህን ደግሞ የሚጠይቁት ማንን ነው? አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ መጋዘን ውስጥ የወረዳውን ጠመንጃ ሁሉ ሲጠግኑ የኖሩትን አባባን ነዋ።

የአባባ ዓይን መሃሉ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን የሚያዩት ከጥግ ከጥግ ብቻ ነው፤ ፊቴን ለማየት ሲፈልጉ ጆሮዬን ነው የሚመለከቱት። ጣታቸው ግን ያው የድሮው ነው። የመሣሪያ መደብሩ ባለቤት ኬርሚት ሦስት ርካሽ ጠመንጃ ይዞ መጣና በረንዳው ላይ ደረደራቸው። ሁለቱ ከባሕር ማዶ የመጡ አዲሶች ናቸው፤ ሦስተኛው ሰደፉ የተፋፋቀ፣ ከብዙ እጅ የዞረ አሮጌ ነው። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። እጀታውን ወደ ኋላ ይስቡታል፣ ወደ ፊት ይገፉታል፣ ያዳምጣሉ። ኬርሚት ሰልችቶት "ጋሽ ሃልቨር፣ ጠመንጃ ነው የሚመርጡት ወይስ ሚስት?" ቢላቸው፣ "ሚስትማ ባንድ ዕይታ ነው የመረጥኩት፤ ይሄ ግን ሊከዳ ይችላል" አሉት።

የመጀመሪያውን ወዘወዙትና "የዚህ ጥርስ ይንቀጫቀጫል" አሉ። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ቀለህ የሚጎትተውን ጥፍር ነካ ነካ አደረጉና፣ "ስለቱን እንኳ አላለሰለሱትም። ሁለት መቶ ጥይት ቢተኮስበት ይገራ ነበር፤ ግን ማን ይተኩስበታል? ገዝተው አልጋ ሥር ነው የሚከቱት" አሉ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ወደ ጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ሄድን። ኬርሚት እየተኮሰ እሳቸው ከኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠው በጆሮ ፈረዱ። ሁለተኛው፣ ያ ቀለሙ የሚያብረቀርቀው፣ ሃምሳ ጥይት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ቀለሁን ነክሶ ቆመ። አሮጌው ግን ሃምሳ ጎርሶ ሃምሳ ተፋ። አባባ ሰደፉን መታ መታ አደረጉና "መልኩን አትዩ። ይሄ አይከዳም" ብለው ፈረዱ።

በዚያው ሳምንት ቬርናን አለማመዷት። ልክ እውነተኛውን የሚመስል፣ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አላቸው፤ በእሱ ነው የሚያስተምሩት። "ብዙውን ጊዜ የሚከዳው ብረቱ ሳይሆን ክንድ ነው። ሰው ሲፈራ ግማሽ መንገድ ስቦ ይመልሰዋል፤ ያኔ ቀለሁ መሃል ላይ ይቀረቀራል" አሏት። እሷ በፍርሃት ስትጎትተው ደግሞ "ቬርና! አትዳብሺው እንጂ! ባልሽ ሰክሮ የመጣ ዕለት በሩን የዘጋሽበትን ጉልበት አምጪው!" ብለው ጮኹባት። ቬርና እየሳቀች "እሱንማ እንዴት እረሳዋለሁ" ብላ እስከ ጥጉ ሳበችው። ድዌይን፣ እማማ ከሞቱ ወዲህ በዚያ በረንዳ ላይ ሳቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቬርናን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ያንኑ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ በኬርሚት በኩል አስፈልገው ገዙ። አባባም ያችን የተፋፋቀችውን ለራሳቸው አስቀሩ፤ አጉርሰው ከጓሮው በር ጀርባ አቆሟት።

አሁን ያልጻፍኩልህን ልጻፍልህ። ከፀደይ ጀምሮ አባባ አልፎ አልፎ "ላሞቹ ገብተዋል?" ይሉኝ ነበር። ላሞቹን ከሸጥን ሃያ ዓመት አለፈን። አንዳንዴ በእማማ ስም ይጠሩኛል። አንድ ቀን ልብሳቸውን ለብሰው ጨርሰው ያንተን የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆመው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። እንዳላሳስብህ ብዬ ደበቅሁህ። ጠመንጃዋን ልወስድባቸው አሰብኩ፣ ግን አልደፈርኩም። የመኪናውን ቁልፍ ወስጄባቸዋለሁ፤ መጋዙን ወስጄባቸዋለሁ፤ ምድጃውን እንኳ ከልክያቸዋለሁ። ሰው ሁሉ እንደገና "ጋሽ ሃልቨር" እያለ በራቸውን ሲያንኳኳ እንዴት ብዬ ይህችን ልቀማቸው? ስለዚህ ከምሳ በኋላ ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ እውነተኛውን ጥይት አወጣሁና በመለማመጃው ተካሁት። ለማንም አልተናገርኩም።

በሴፕቴምበር ሦስተኛው ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድንች በካርቶን ይዤ በጓሮው በር ገባሁ። አባባ ጠመንጃዋን ይዘው ኮሪደሩ ውስጥ ቆመዋል። "ማን ነህ?" አሉ። "እኔ ነኝ አባባ፣ ማርሊስ ነኝ" አልኳቸው። "ማርሊስ ትምህርት ቤት ናት" አሉኝ።

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እጀታውን እስከ ጥጉ ሳቡት፣ እስከ ጥጉ ገፉት፤ ቬርናን እንዳስተማሯት፣ አንዲት ነገር ሳትጓደል። ከዚያ ምላጩን ሳቡ። ቀጭ አለ። እንደገና አጎረሱ፣ እንደገና ሳቡ። አሁንም ቀጭ። ሦስተኛም ደገሙት። እኔ ካርቶኑን እንኳ አላስቀመጥኩም። አፈሙዙ ደረቴ ላይ ነበር። ባሩድ እንደሌለው አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ የለወጥኩት፤ ግን በየቀጭታው ሰውነቴ አላመነኝም። አባባ ጠመንጃዋን ዝቅ አደረጉና "ይሄ ዕቃ አይረባም" ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው፣ "ማርሊስ፣ ድንቹ ዘንድሮ እንዴት ነው?" አሉኝ።

የተኮሱበትን ሰው ረስተዋል። ጠመንጃዋ እንዳልተኮሰች ግን አልረሱም። እኔም ቀጥ ብዬ እውነቱን መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ። በማግስቱ ቬርናን ጠርተው "ፍርዴን አንስቻለሁ፤ ያቺ ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ከዳችኝ፣ ያንቺንም መልሺው" አሏት። ቬርና ለሌሎቹ ነገረች። ሰባቱም ጠመንጃቸውን ታቅፈው ኬርሚት ጋር ሄዱ። ኬርሚት ቤታችን መጥቶ የአባባን ጠመንጃ በራሱ ጥይት ሞከራት፤ አንድም አልከዳችም። በረንዳው ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ማርሊስ፣ አባትሽን ከእንግዲህ አታስፈርጂያቸው። አበቃላቸው" አለኝ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ልጁን ሊገድል የሞከረ ሰው ከሚሏቸው፣ ሙያው የጠፋበት ሽማግሌ ቢሏቸው ይሻላል ብዬ ነበር። ትክክል ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በራችንን ለጠመንጃ ጉዳይ ያንኳኳ የለም።

አባባ ግን አልተዋጠላቸውም። ባዶዋን ጠመንጃ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፈታትተው መልሰው ይገጥሟታል። አንድ ቀን፣ ልቦናቸው ጥርት ባለበት ጠዋት፣ ያን ቀን ተፈናጥራ ወንበራቸው ሥር የቀረችውን አንዲት ጥይት መዳፋቸው ላይ አድርገው መዘኗት። "ማርሊስ" አሉ፤ በስሜ። "ይሄ ባሩድ የለውም።" "አዎ አባባ" አልኩ። "አንቺ ነሽ?" "እኔ ነኝ።" ጥይቷን ጠረጴዛው ላይ አቆሟትና "ያን ቀን በበሩ የገባው ሰው ማን ነበር?" አሉኝ። ልዋሻቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ክንዳቸውን ያዝኩ። ጆሮዬን እያዩ፣ ማለት ፊቴን እያዩ፣ "ስንት ጊዜ ሳብኩት?" አሉ። "ሦስት ጊዜ" አልኳቸው። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እንደ ሌላ ሰው እጅ ተመለከቱት። ከዚያ፣ "ጠመንጃው ደህና ነበር ማለት ነው" አሉና አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም፤ በእማማ ቀብር እንኳ።

ወንድሜ፣ ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ረሱት። በማግስቱ እንደገና "ይቺ ጠመንጃ ለምን ከዳችኝ?" ብለው ጠየቁኝ። እውነት ይሻላል ብዬ ነገርኳቸው፤ እንደ አዲስ ሰምተው እንደ አዲስ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀንም ጠየቁኝ። ያኔ "ጥይት መምቻው ተበልቷል አባባ፤ መጀመሪያውኑ መጥፎ ዕቃ ነበር" አልኳቸው። "ብዬ ነበርኮ" አሉና ሾርባቸውን ጠጡ። አሁን በየቀኑ የምለው ይኸንኑ ነው። ደህናውን ጠመንጃ በየጠዋቱ አማዋለሁ።

ጠመንጃዋን ኬርሚት ወስዷታል፤ እውነቱንም ለእሱ ብቻ ነግሬዋለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ያቺን የበረንዳ ንግግሩን መልሶ የሚሰበስብበት መንገድ የለም፤ ሰዉም ሌላ ወሬ ይዟል። በማይኖት ከተማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ አልጋ ተገኝቷል ብሎ ደውሎልኛል። ሰኞ እወስዳቸዋለሁ። ሐኪሙ ከዚህ ወዲያ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም ብሎኛል። ከገቡ በኋላ ወረቀቱ ላይ ያንተም ፊርማ ያስፈልጋል፤ አብሬ ልኬዋለሁ። ና አልልህም። ብትመጣ ማን ነህ ይሉሃል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንተ ግን ያን ሁሉ መንገድ መጥተህ ይህን ሰምተህ እንድትመለስ አልፈልግም። እኔም ቤቱን ሸጬ ልሂድ ብል ማን ይገዛዋል? ቬርናም በገና ልጇ ጋ ልትገባ ነው፤ መንገዱ ላይ መብራት የሚታይበት ቤት የእኔ ብቻ ሊሆን ነው።

ዛሬ ጠዋት ገንፎ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙኝና "አንቺ ሴትዮ ደግ ነሽ። ቤተሰብ የለሽም እንዴ?" አሉኝ። "አንድ ወንድም አለኝ፤ ሩቅ፣ ባሕር ላይ ነው የሚሠራው" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንግዲያው ጻፊለት፤ ያስባል" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩልህ።

ኮራን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችልኝን የሱፍ ካልሲ አድርጌ ነው የምጽፈው። ሊንን አያትሽ ደህና ናቸው በላት፤ ከዚህ ሌላ አትንገራት። የኮራን እናት እግራቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ፣ ሰላምታዬንም አድርስልኝ። ቬርና ሰላም ብላሃለች። አባባም ቢያውቁህ ኖሮ ሰላም ይሉህ ነበር።

እህትህ ማርሊስ

ቶርስቢ፣ ሰሜን ዳኮታ
ኦክቶበር 19 ቀን 2019