አፉ የተሸረፈው ብርጭቆ

ጅግጅጋ፣ ኅዳር 17 ቀን 1985 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለይሁን የጌታሁን፣ ናዝሬት፤

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላርም። ሾፌሩ ዐብዲወሃብ፣ «እናትህ ዓይናቸው ጠፍቶ አርባ ዳቦ አሳረሩ» ብሎ በስልክ የነገረህ ሐሰት ነው። አንድም ዳቦ አላረረም። የተሳሳቱት ሁለት ዳቦዎች ብቻ ናቸው፤ እንዴት እንደሆነ እነግርሃለሁ። ቅዳሜ በመኪናው ጭኖ እንዲያመጣኝ ማዘዝህንም ሰምቻለሁ። እኔ የዱቄት ጆንያ አይደለሁም።

እንዴት ሰነበትክ? ሳልህ ተወህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደ ወረቀቱ መስመር ስለሌለው ነው። ሐረር ስንማር አንዲት ፊደል ከመስመር ከወጣች መምህራችን ጣታችንን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ዛሬ ቢያዩኝ እጄ ያብጥ ነበር።

የአባትህን ምድጃ በክረምቱ መጠገናችንን ጽፌልሃለሁ። ከሶማሊያ ስደት የተመለሱት ሴቶች የእርዳታ ዱቄት ቢያገኙም መጋገሪያ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ያሉት በላስቲክ ጎጆ ነው። ስለዚህ ቡኳቸውን ያመጣሉ፣ እንጨት በየተራ ያዋጣሉ፣ እኔ እጋግራለሁ። እንደ ድሮው እያንዳንዷ በቡኮዋ ላይ የቤቷን ምልክት ታትማለች።

ትዝ ይልሃል? በገና ዋዜማም በኢድ ዋዜማም ደጃችን ቡኮ በተደረደረበት ጣውላ ይሞላ ነበር። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመቶ ቤት ምልክት በቃሉ ያውቅ ነበር፤ የዚህች መስቀል፣ የዚያች ማበጠሪያ፣ የወዲያኛዋ ቁልፍ። አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ተገትረህ ሽታውን ትበላ ነበር። የጎረቤታችን የነጅማ እናት ምልክት አፉ የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ክብ ሆኖ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ። በሰባ ዓመተ ምሕረቱ ጦርነት ሲሸሹ ብርጭቆውም አብሮ ተሰደደ። አሥራ አራት ዓመት መጠለያ ጣቢያ ኖሮ ነጅማ ይዛው ተመለሰች። እናቷ ግን አልተመለሱም።

ስሕተቱ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ዕለት የነጅማን ዳቦ ለጎረቤቷ ለፊርደውስ፣ የፊርደውስን ለነጅማ ሰጠሁ። የፊርደውስ ምልክት በማንኪያ የታተመ ግማሽ ክብ ነው። ጭሱም በዝቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነጅማ እየጮኸች መጣች።

«ኤዶ!» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «የፊርደውስ ልጆች ሙሉ ጨረቃዬን በልተው ግማሹን ላኩልኝ!»

«እኛማ ኢድ የመጣ መስሎን ነበር» አለች ተከትላት የመጣችው ፊርደውስ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የነጅማ ስድስት ልጆች ያን ቀን ከዚያ ከፊርደውስ ትንሽ ዳቦ ሌላ የሚቀምሱት አልነበራቸውም። የአንዱን ቤት ምሳ ለሌላ የሚሰጥ ሰው ምድጃ ፊት መቆም የለበትም። ዳቦ ማውጫውን ረጅም አካፋ ግድግዳ አስደግፌ፣ «ቅዳሜ ወደ ልጄ እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«እርስዎ ከሄዱ ማን ይቆጣናል?» አለች እሳት የምታነደው ቀለምወርቅ።

ረቡዕ ጠዋት የመሰነባበቻዬ ነው ብዬ ቡኮውን ተቀበልኩ። በመዳፌ ስዳስሰው ምልክቶቹ ሁሉ ጠልቀዋል። የነጅማ ብርጭቆ እስከ ወገቡ የገባ ይመስላል። ቀለምወርቅ መስቀሏን በማረሻ የሠራችው ይመስል ነበር።

«ዳቦ ነው ጉድጓድ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ጉድጓድ ነው ኤዶ» አለች ነጅማ። «ብቻ እንዳይወድቁበት።»

ዳቦው ሲወጣም ምልክቱን በጣቴ እየዳሰስኩ ለየሁት። ያን ቀን ሠላሳ ስምንት ዳቦ ወጣ፤ ሠላሳ ስምንቱም ለየባለቤቱ ደረሰ።

ስለዚህ ቅዳሜ አልመጣም። በእኔ ፋንታ ዐብዲወሃብ አንድ ዳቦ ያመጣልሃል። የአባትህን ምልክት አትሜበታለሁ። ከመቁረስህ በፊት ዓይንህን ጨፍነህ ዳስሰው።

የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ፤ ደጅህን ሰው አይራቀው፣ ገበታህን እህል አይጉደለው።

ነገ መጀመሪያ አመዱን እጠርጋለሁ። ከዚያ ነጅማን አጠገቤ አቁሜ የምድጃውን ሙቀት በክንዷ መለካት አስተምራታለሁ፤ አካፋውንም አስይዛታለሁ። ከዚያ፣ ለሾፌሩ ከመስጠቴ በፊት፣ ይህን ደብዳቤ ቀለምወርቅ ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብልኝ አደርጋለሁ፤ ፊደል ዘልዬ እንደሆነ።

እናትህ እናትአለም