ለሕንፃችን አስተዳዳሪ፦ ስለ ዓሣ ገንዳው እና ስለ ሊቀመንበርነቴ

ይድረስ ለክቡር አቶ ደመቀ
የሕንፃችን ዋና አስተዳዳሪ
ሲኒማ ራስ፣ መርካቶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ እንዲሁም ከቢሮዎ በር ላይ ተነሥቶ የማያውቀው «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚለው ጽሑፍ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁልፍና ዚፕ የምሸጠው ይሄይስ፣ ከቀኝ እጄ አመልካች ጣት በቀር ደህና ነኝ። እሷን ዓሣ ነክሷታል።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉ እንዲታይ ደረጃው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለመክሰስ እንዳይመስልብኝ። ከዚህ በታች በተራ ቁጥር ከማቀርባቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ የእኔ ናቸው፤ የእርስዎ ድርሻ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

1. ባለፈው መስከረም ተከራዮችን ሰብስበው፣ የአብሮነታችን መገለጫ የሚሆን የዓሣ ገንዳ በመግቢያው አዳራሽ እንዲቆም ከወሰኑ በኋላ «ስለ ዓሣ የሚያውቅ አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እጁን ያወጣው ሰው እኔ ነኝ። ስለ ዓሣ የማውቀው ተጠብሶ ሲቀርብ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ «የኮሚቴ ሊቀመንበር» የሚል ቃል ጆሮ ሲገባ እንዴት እንደሚጣፍጥ እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታልና ይረዱኛል። በማግስቱ ማኅተም ማሠራቴንም ዛሬ በአደባባይ አምኛለሁ።

2. ዓሣ ሻጩ ረዲ ሰላማዊ የሆኑትን ትናንሽ ዓሦች እየዞረ ቢያሳየኝም፣ እኔ ግን ጥቁርና ነጭ ሽንትር ያለባቸውን፣ አጠገባቸው የደረሰውን ሁሉ የሚያባርሩትን ሁለቱን መረጥኩ። ሞገስ ያላቸው መስለውኝ ነበር። ረዲም በትሕትና «ጋሼ፣ እነዚህ ሲክሊድ ናቸው፣ የምንበላው የቆሮሶ ዓሣ ዘመዶች። ቁጡ ናቸው። ርዝመቱ ከሜትር ከሃያ ያላነሰ ገንዳ ይፈልጋሉ፤ መደበቂያ የሚሆን ብዙ ድንጋይም። ጎረቤት ካስገቡላቸው በአካል የሚያክላቸው፣ ሲመቱት የሚመልስ ይሁን። ቀስ የሚል፣ ክንፉ የረዘመ ዓሣ ከእነሱ ጋር እንዳያስገቡ» አለኝ። እንዳልረሳውም በወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ከሊቀመንበር ጋር እየተነጋገረ መሆኑን ያላወቀ ልጅ መስሎኝ።

3. የእርስዎ ሴንቲ ሜትሮች እዚህ ጋ ናቸው። ሜትር ከሃያ ጠይቄ ነበር፤ እርስዎ ግን ስድሳው ለሞባይል ከቨር ሻጭ ጠረጴዛ ስለተፈለገ ቀሪውን ስድሳ ፈቀዱልኝ። አንዱ ሱቅ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ ሦስት በሚሆንበት ሕንፃ ውስጥ ለዓሣ የተለየ ፍርድ መጠበቄ የዋህነት ነበር። «ዓሣ ስፋት ምን ያደርግለታል፣ እየዞረ አይደል የሚኖረው?» ሲሉኝም፣ የረዲን ወረቀት ኪሴ ውስጥ ይዤ፣ ስቄ «ልክ ነዎት» አልኩ። ስድሳው ሴንቲ ሜትር የእርስዎ ነው፤ ሳቁ ግን የእኔ ነው።

4. ይህኛው ረጅም ነው፤ ይታገሡኝ።

ከሱቄ ቀጥሎ ሻሽና ሻርፕ የሚሸጡት እትዬ ሐዋ፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያመጡላቸውን «ብርቱካን» የምትባል ወርቃማ ዓሣ ባንኮኒያቸው ላይ በመስታወት ሳሕን ስድስት ዓመት አኑረዋል። የምረቃው ቀን ሲቃረብ በሁለት ዓሣ አብሮነት አልታይ ስላለኝ፣ ብርቱካንን እንዲያውሱን ለመንኳቸው። «ይሄይስ፣ አይነኩብኝም?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ አለሁ እትዬ» አልኩ። ሊፍታችን እንደ ልማዱ በእረፍት ላይ ስለነበር፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ ሳሕኗን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ውኃው እንዳይፈስ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ እየቆሙ ወረዱ።

እርስዎ ሪባን ቆረጡ፤ እኔ ስለ አብሮነት አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገርኩ፤ በዕለቱ ከአድማጮች በቀር የተጎዳ አልነበረም።

በሳምንቱ ግን ሁለቱ ሽንትሮች ባልና ሚስት መሆናቸው ታወቀ። ከድንጋዩ ሥር ቆፍረው እንቁላል ጣሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድሳው ሴንቲ ሜትር በሙሉ የአራስ ቤት ሆነ። አንድ ጠዋት ስገባ ብርቱካን ማዕዘኑ ላይ ተለጥፋ፣ ክንፏ ተተልትሎ አገኘኋት። ላወጣት እጄን ስከት እናትየው ጣቴን ያዘችኝ። ብርቱካንን ወደ ሳሕኗ መለስኳት፤ ቀትር ሳይሆን ሞተች።

እትዬ ሐዋ በር ላይ ቆሜ፣ ከምረቃው ንግግር አንድም ቃል ሳልበደር፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ረዲ አስጠንቅቆኝ እንደነበረም። የያዙትን ሻርፕ አጠፉት፣ ዘረጉት፣ ደግመው አጠፉት።

«ልጆቹ ተፈለፈሉ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲህ እናት ናት፤ ምን ታድርግ? አንተ ግን ተነግሮህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሰላምታቸውን አልነፈጉኝም። ስሜን ብቻ ተዉት፤ «እንደምን አደርክ ሊቀመንበር» ይሉኛል። ክቡር ሆይ፣ ያን ያህል የጓጓሁለት ማዕረግ እንዲህ ይቆረጥመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

5. የቁልፍ መደርደሪያዬን አፍርሼ፣ ሜትር ከሃያ የሆነ ገንዳ ሱቄ ውስጥ አቁሜያለሁ። ረዲ ራሱ መጥቶ ድንጋይና የተሰበረ ሸክላ ደረደረልኝ፤ እናትና አባት ከነልጆቻቸው ተዛውረዋል። ጎረቤት የሚባል ነገር ለጊዜው አይገባባቸውም። ዚፕ የሚፈልግ ደንበኛ ተንበርክኮ ከጠረጴዛ ሥር ይመርጣል።

ትናንት እትዬ ሐዋ ሳይጠሩ ገብተው የቁልፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። እናትየው መርፌ የሚያካክሉ ልጆቿን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስትነዳ ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ሲነሡ «ይሄይስ፣ ምንድን ነው የምታበላት?» አሉኝ። የምግቧን ቆርቆሮ ከፍቼ መዳፋቸው ላይ ጥቂት አፈሰስኩላቸው።

እንግዲህ ከሊቀመንበርነቴ መልቀቄን በአክብሮት እያሳወቅኩ፣ ባዶውን ገንዳ ለበሳል ውሳኔዎ እተወዋለሁ። ከተጠጋጉ ሁለት ከቨር ሻጮች ይይዛል።

ጥፋቱን በሴንቲ ሜትር ለክቶ ያካፈለዎት፣ ታዛዥዎና ተከራይዎ
ይሄይስ
(ማኅተሙን ለረዲ መጫወቻ ሰጥቼዋለሁ)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለሁለተኛ ፎቅ በቀቀን ሊያስመጡ መሆኑንና ጉዳዩን የሚመራ ሰው እየፈለጉ መሆኑን ሰምቻለሁ። ስለ በቀቀን ምንም አላውቅም። ከጠየቁኝ ግን እሺ ማለቴ ስለማይቀር፣ ስለ ወፏ ነፍስ ብለው እባክዎ አይጠይቁኝ።