ባንዲራ ሲሰቀል ያልቆመችው ልጅ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለእትዬ ፍሬሕይወት፤ ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የጋሽ ዘካርያስ ስኳርስ እንዴት አደረጋቸው? ሀኒስ ትምህርቷን ያዘችው? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ተቃጥያለሁ!

መስማት የተሳናቸውን ልጆች የማስተምረው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ከኔ ሌላ ግቢው ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚችል አስተማሪ የለም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ሶረቲ የምትባል ተማሪዬ አርፍዳ መጣች። ባንዲራ እየተሰቀለ፣ መዝሙር እየተዘመረ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ከነዘንቢሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ መሬት መሬቱን እያየች ግቢውን ሰንጥቃ ገባች። በምን ጆሮዋ ትስማው? ምክትል ርዕሰ መምህሩ አብተው ግን ባንዲራ ናቀች ብሎ እስከ እረፍት ድረስ ፀሐይ ላይ አንበረከካት። አለመስማቷን እያወቀ እኮ ነው! ሌላው እንዳይለምድ ነው አለኝ። ደሜ ፈላ፤ በተማሪው ሁሉ ፊት አታፍርም ወይ ብዬው ልጅቷን እጇን ይዤ አነሳኋት።

ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በሰልፍ ላይ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ወደ መደበኛ ክፍል ትዛወሪያለሽ ተባልኩ። እኔ ከተነሳሁ ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹም ቤት ይውላሉ። በዚሁ ሳምንት ደግሞ ለመምህራን ጤንነት ተብሎ ስብሰባ ተጠራና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በረጅሙ ተንፍሱ አሉን። ትንፋሼን ያሳጠረው ሰውዬ ከፊቴ ተቀምጦ!

ሶረቲ ስለቀረች ትናንት ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ልጄ ሌላ ሆናብኛለች አለችኝ። ተያይዘን ስንወጣ ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ሶረቲ ያንን ስታይ እጇን ከእጄ አስለቅቃ ቀጥ ብላ ቆመች። ሰልፉ እስኪንቀሳቀስ ንቅንቅ አላለችም። ሰው ቆሞ ባየች ቁጥር እንዲህ ናት አለችኝ እናቷ።

እትዬ፣ ጋሽ ዘካርያስ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስላገኙልኝ ሥራ ቁርጡን ንገሪኝ ብለሽኝ ነበር። እዚህ ከመንገብገብ ኮንቴይነር መቁጠር ይሻላል ያልሽው እውነት ነው። ግን አልሄድም፤ አትቆጪኝ። እናቷን ለምኜ አርብ ልጅቷን እንድታመጣት አስምያታለሁ። እኔም ሰልፉ ፊት ወጥቼ እንደ ሬት እየመረረኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ለልጆቹ እንዲገባቸው በምልክትም እናገራለሁ ብዬ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ነግሬያቸው እሺ ብለዋል። በአፌ አብተውን ይቅርታ እላለሁ። በእጄ ግን ሶረቲ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ይቅርታ የሚገባው ላንቺ ነው እላታለሁ። እሱ እንደሆነ አይገባውም።

ጋሽ ዘካርያስን ስለ ድካማቸው አመስግኚልኝ፤ እንዳይቀየሙኝ አደራ። የአማትሽን የእማማ ሙሉብርሃንን ጉልበት፣ የሀኒን ጉንጭ ሳሚልኝ።

እህትሽ ሰብለወንጌል
አዳማ፣ ረቡዕ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.