ታችኛው ፊርማ

ጥር 9

ዛሬ ስምንት ቃል ጨረስን። የእያንዳንዱን ቃል ካርድ እኔ ጻፍኩ፣ ላይ ፈረምኩ። አባዬ አነበበ፣ አጉረመረመ፣ ታች ፈረመ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው... የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላታችን ከኤ ተነስቶ ኤስ ላይ ደርሷል። የሁለት ሰው ፊርማ የሌለው ካርድ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም፤ ያልተነበበ ካርድ ላይም አይፈረምም። አንዴ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ፣ ባዶ ካርዶች ላይ አስቀድሜ ፈርሜ ቢያገኘኝ ሁሉንም ቀዳደዳቸው። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። "ይሄ ባላዩት ነገር መማል ነው" ብሎ።

ዛሬ ቀና ብሎ ለመቀመጥ ሁለት ትራስ ፈለገ። ሐኪሟ ልቡ ደክሟል ብላለች።

ጥር 12

ሰስቴይን (sustain) በሚለው ቃል ተጨቃጨቅን። "ደገፈ" ብዬ ጽፌ ነበር።

"አይበቃም" አለ።

"ምን ጎደለው?"

"ደግፎ የሚሄድ አለ። ይሄኛው የማይሄደው ነው።"

ምንጩ ላቲን ነው። ሁለት ቁራጭ... አንዱ "ከሥር"፣ ሌላው "ያዘ"። ቤተሰብን መግቦ ማኖርም፣ ድምፅን ሳያቋርጡ ማቆየትም በዚሁ ቃል ነው። ጉዳት ሲደርስብህም ያው ቃል! "ደጋፊውና ቁስለኛው እንዴት አንድ ቃል ይጋራሉ?" አልኩት።

"ከሥር የቆመ ሰው የሚወድቀው ሁሉ እሱ ላይ አይደል የሚያርፈው?" አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ካርዱን ሳይፈርም መለሰልኝ።

ጥር 20

አዲስ አመል አምጥቷል። በየጠዋቱ "ጋዜጣ ገዝተሽ ነይ" ይለኛል። ስመለስ ላብ በላብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጋዜጦቹ እንደታጠፉ አልጋው ሥር ተከምረዋል። ዛሬ አላስቻለኝም።

"የማታነበውን ለምን ታስገዛኛለህ?"

"እግርሽ እንዲፍታታ። ወንበር ላይ በቀልሽ እኮ!"

ጣቱ ላይ ቀለም ነበር። ምን ስትጽፍ ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ...

ጥር 27

አሳታሚው ደወለ። "በአንድ ፊርማም ቢሆን አትማለሁ፣ ብቻ ጨርሱልኝ" አለ። ለአባዬ ነገርኩት። አሻፈረኝ አለ።

"ስንት ቃል ቀረን?" አለኝ።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።"

አንድ ካርድ አንብቦ መጨረስ አቅቶታል። ፈርቻለሁ። መጽሐፉ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው... እሱ ከሌለ ደግሞ ስህተቴን ማን ይነግረኛል?

የካቲት 4

አባዬ ጠዋት አረፈ። ጋዜጣ ልገዛ ወጥቼ ነበር።

የካቲት 8

ለቀስተኛው ሁሉ "በርቺ" ይለኛል። እንዴት እንደሚበረታ የነገረኝ የለም።

የካቲት 19

ዛሬ የሚቀጥለውን ፊደል፣ የቲን የካርድ ሳጥን ከፈትኩ። ባዶ መሆን ነበረበት። ካርዶች አሉበት። ምንም አልተጻፈባቸውም፤ ታች ግን የአባዬ ፊርማ አለ። ሁሉም ላይ!

የመጀመሪያዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። እየቆየ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻው ፊርማም አይባል፣ ጭረት ነው። ቆጠርኳቸው። ሰባ አንድ። ለቀሩት ቃላት ሁሉ ሊያዳርስልኝ ነበር፣ አልደረሰም።

ለካ ጋዜጣው እኔን አስወጥቶ ለመፈረም ኖሯል... የኔን ካርዶች የቀዳደደ ሰው! ተናደድኩበት። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከሞተ ወዲህ እንደዛሬ አልቅሼ አላውቅም።

መጋቢት 14

ባላነበበው ነገር ላይ ፊርማውን ማዋል ከበደኝ። ቢቸግረኝ አንድ መላ ዘየድኩ። እያንዳንዱን ካርድ ከጻፍኩ በኋላ ለባዶ ወንበሩ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። እሱ አጉረምርሞ እስኪጨርስ የሚፈጅበትን ያህል እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ሰርዤ እንደገና እጽፋለሁ። ጎረቤት ቢሰማ አበደች ይል ይሆናል። ይበል።

ሰባው አለቀ። ዛሬ ጭረቷ ያለችበት ካርድ ላይ ሰስቴይንን ጻፍኩ። "ከሥር ይዞ አቆየ፤ ሳይሄድ ደገፈ።" አነበብኩለት። ጠበቅኩ። ላይ ፈረምኩ።

አንድ መቶ አርባ አንድ ቃል ይቀራል። አሳታሚው ጋ ደወልኩና ረቂቅ የምታርምልህን ልጅ ላክልኝ አልኩት። ነገ ትመጣለች። እሷ ትጽፋለች፣ ላይ ትፈርማለች። እኔ አነባለሁ፣ አጉረመርማለሁ።

ታች የምፈርመው እኔ ነኝ።